አውራ ጣት ያረፈበት ዳቦ

የእህቴ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ዱቄት» ነው የሚለው፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ታጥቦም፣ ሰርግ ሄዶም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም አይጠፋም። እህቴ «ይሄ ሰውዬ ሲሞት ቅንድቡን ሳያራግፉ እንዳይቀብሩት!» እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ቀደመችው። እሱ ይኸው ቅንድቡ እንደነጣ አለ።

እኔ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ዳቦ እሸጣለሁ። የእኔ አፍ አያርፍም፤ የእሱ ደግሞ ለእህል ብቻ ነው የሚከፈተው። እንዲህ ተቻችለን ስንሠራ ኖርን። ሰው ዝም ቢል ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር፤ ግን ሰፈሩ ወሬውን ይዞታል። አንዱ «አስጨንቋት ነው የሞተችው» ይላል። ሌላዋ «ጨው ተደብቃ እየበላች ነው ራሷን የገደለችው» ትላለች። አፋቸውን ይያዝልኝ! ሁለቱም ውሸት ነው። እውነቱን እኔ ስለማውቅ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ዳቦ ቤታችን ጠባብ ነው። ከፊት የእኔ ባንኮኒና የመስታወት መደርደሪያ አለ። ከኋላ በመጋረጃ ተከልሎ የእሱ ዓለም ነው፤ ማቡኪያው፣ ረጅሙ የእንጨት ጠረጴዛ፣ በሩ ሲከፈት ፊት የሚገርፍ ምድጃ፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ የጠቆሩ ትሪዎች፣ ጥግ ላይ የጨው ጣሳ። በልጅነቱ ለአባቱ ዱቄት እየተሸከመ ገባ፤ ከዚያ ሊጥ አቡኪ ሆነ፤ ከዚያ ምድጃው ፊት ቆመ። ምድጃው ፊት የቆመው አባቱ ስለወደቁ ነው። የደም ግፊት ነበረባቸው፣ እሳቸውም ሆኑ ሌላ ሰው አላወቀም። ትኩስ ትሪ እንደያዙ ተዝለፈለፉ። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ በማንኪያ እየጎረሱ ጥቂት ዓመት ኖሩ። የሚያጎርሳቸው እሱ ነበር። ይሄን ያዙልኝ።

እህቴን ያገኛት በዳቦ ነው። ወሬ አይችልማ፣ በምን ሊያገኛት ኖሯል! እሷ እንቅልፍ ትወዳለች፤ ሁልጊዜ ዳቦ ካለቀ በኋላ ነበር የምትደርሰው። አንድ ቀን ባዶ እጇን ልትመለስ ስትል «ቆይ» አላትና ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዳቦ ይዞ ወጣ። መሃሉ ላይ አውራ ጣቱን ተጭኖበታል፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይሸጠው ምልክት ማድረጉ ነው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው አቆየላት። እህቴ ቤት መጥታ ዳቦውን እያገላበጠች «አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሊያገባኝ ነው» አለችኝ። አገባት። ልጅ አልሰጣቸውም፣ አንድም ቀን ግን አውራ ጣት ያረፈበት ዳቦ ሳይይዝ ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ሲጣሉ እንኳ ይጋግርላታል። ያን ቀን ጣቱን ጠበቅ አድርጎ ይጫነዋል መሰለኝ፣ ጉድጓዱ ይጠልቅ ነበር።

ተመራማሪዋ የመጣችው ዝናብ ባለበት ጠዋት ነው። ቀጭን፣ ትልቅ ቦርሳ የያዘች፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት። ዣንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ «ጨው ላይ ጥናት እየሠራን ነው» አለች። እኔ ገበያተኛ መስላኝ ዳቦ ልጠቀልልላት ነበር።

«አባባ» አለችው፣ «ሰው ጨው የሚበላው ከጨው ዕቃው ብቻ ይመስለዋል። እዚህ ከተማ ግን ጠዋትም ማታም ዳቦ ነው የሚበላው። ከግማሾቹ ዳቦ ቤቶች ጋር ሆነን ሊጡ ላይ ያለውን ጨው እንቀንሳለን፣ ግማሾቹ እንደድሮው ይቀጥላሉ። ከዚያ የሰዉን ግፊት እየለካን እናወዳድራለን።»

«ልጄ፣ ጨው ለዳቦ ማጣፈጫ አይደለም፤ አጥንቱ ነው። ጨው ያነሰው ሊጥ ይልፈሰፈሳል» አላት። ለእሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

«በአንዴ አንቀንስም። በጥቂት በጥቂቱ፣ ምላስ ሳያውቀው።»

እኔም አፌ አያርፍ፣ ጥልቅ አልኩ። «ታዲያ ምላስ ያላወቀውን ደም በምን ያውቀዋል?»

ሳቀች። «ምላስ ይለምዳል፣ ይረሳል። ደም ነው የማይረሳው» አለች።

ጋሼ አልሳቀም። ምድጃውን፣ አባቱ የወደቁበትን ቦታ፣ ትንሽ አየና «እሺ» አላት። በቃ፣ አንድ ቃል። ሰፈሩ ስለ ዳቦ ጥናት እንዳለ ተነገረው፤ የትኛው ዳቦ ቤት እንደቀነሰ ግን አልተነገረውም። እሷም እየመጣች በትንሽ ሚዛን ጨዉን ትመዝንለታለች፣ እሱም እንደ ተማሪ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያያል።

ደንበኛ አንዱም አላወቀም። እንዲያውም ሁልጊዜ ዳቦ የሚነቅፉ ጡረተኛ መምህር አሉ፣ አንዴ «ጠቆረ» አንዴ «ቀለለ» የሚሉ፤ እሳቸው ጭምር «ሰሞኑን እጅህ ተባርኳል» ብለውት ሄዱ። በሳቅ ፈረስኩ። «እሰይ! የጨው ነገር እንዲህ ከሆነ ነገ ዱቄቱንም እንቀንሳለን» አልኩት። እሱም ፈገግ አለ።

ያወቀችው እህቴ ብቻ ናት። ማታ እነሱ ቤት ራት ላይ ነበርኩ። ከዳቦው ቆርሳ ቀመሰች፣ አኘከች፣ ቁራሹን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ያንተ ዳቦ አይደለም። የሰው ቤት ዳቦ ነው።»

ፊቱ ቅጭም አለ። የዕድሜ ልክ ሥራውን የነቀፈችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በማግስቱ ያመጣላትን ዳቦ ቆርሳ «አሁን ገና! መጣህ!» አለችው፤ እሱም ደስ ብሎት ሁለት ጊዜ ሾርባ አስጨመረ። እኔ ሊጡ ዐርፎለት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ የሰዉን ሊጥ ካቦካ በኋላ ለእሷ የሚሆነውን ቁራሽ ቆርሶ፣ ከጣሳው ጨው ቆንጥሮ፣ ለብቻው ያሸዋል። ከዚያ አውራ ጣቱን ተጭኖ ከሌሎቹ ጋር ምድጃ ይከተዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ነውና እኔ አላየሁም። እሱም ምስጢር አላደረገውም፤ የሚነገር ነገር ነው ብሎ አላሰበውም።

ያኔ እህቴ ደህና ነበረች። ደህና መስላን ነበር ልበል።

ወራት አልፈው የተመራማሪዋ ሰዎች ግፊት ሊለኩ ዳቦ ቤታችን ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። እህቴ ምሳ ልታመጣለት ብቅ ብላ ነበር። ሰው ተሰልፎ ስታይ «እኔንም ለኩኝ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት እንዳቃጠለኝ ይታወቅ» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሁላችንም ሳቅን። ለኪው ግን አልሳቀም። ደግሞ ለካ። በሌላኛው እጇም ለካ። ከዚያ ተመራማሪዋን ጠራት። ጋሼ መጋረጃውን በአንድ እጁ ይዞ ቆሞ ነበር፣ ቅንድቡ ብቻ ሳይሆን ፊቱ ሁሉ ነጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤት አንድ ጭንቀት ብቻ ሆነ፤ የእህቴን ግፊት ማውረድ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘላት፣ ጨው ከለከላት። ጋሼ ቤት እንደገባ የጨው ዕቃውን አንስቶ ለጎረቤት ሰጠ። አይቡ ወጣ፣ የታሸገ ዓሣው ወጣ። ሾርባው እንደ ውሃ ሆነ፣ ድንቹ እንደ ሳሙና። እሱም ከእሷ ጋር ያንኑ ይበላል፤ ብቻዋን አልተዋትም። እህቴ ከሳች። «ምግብ አይደለም እኮ የምበላው፣ ትዝታ ነው» ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች እንባዋ ይመጣል። አንድ የቀራት ደስታ ያ ዳቦ ነበር። ሾርባውን ገፋ አድርጋ ዳቦውን ትበላለች። ቀስ በቀስ ከዳቦው በቀር አልበላም አለች። እሱም ስትበላ ሲያይ ነፍሱ ትመለሳለች፤ «በሞቴ፣ እቺን ጨምሪ» ይላታል፣ መሃሉን፣ የጣቱ ምልክት ያለበትን ለስላሳውን ቆርሶ። ሁለት አድርጎ መጋገር ጀመረ፤ አንዱ ለጠዋቷ፣ አንዱ ለማታዋ።

ታዲያ እንዴት አላሰበውም? ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ፣ ጮኼ ብያለሁ። ግን የእጅ ሥራ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ እጅ የለመደውን ራስ አይጠይቀውም። ለጋሼ ጨው ማለት ገበታ ላይ ያለው፣ በማንኪያ የሚነሰነሰው ነው። ሊጥ ውስጥ ሲገባ ጨውነቱን ትቶ ዳቦ ይሆናል። ጥናቱን የሠራው ለሰፈሩ ነው፤ ያቺ ቁራሽ ደግሞ ጥናት ውስጥ አልነበረችም፤ የሚስቱ ነበረች።

ግፊቷ አልወርድ አለ። ሐኪሙ ክኒኑን ጨመረ፣ ቀየረ። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ ጋሼን አየውና «ቤት ውስጥ ጨው እየተበላ ነው። ታማሚዋ እየዋሸችን ነው» አለው። እዚያው፣ እሷ ፊት።

ያ ዝምተኛ ሰው የዚያን ቀን ቤቱን ገለባበጠው። ቁም ሳጥኑን፣ የልብስ ሻንጣዋን፣ የፍራሹን ሥር፣ የዱቄት ዕቃውን ውስጥ ሳይቀር እጁን ከትቶ ጨው ፈለገ። እህቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«የት ነው የደበቅሽው?»

«ምኑን?»

«አባቴን በማንኪያ አጉርሼ ነው የቀበርኩት! አንቺንም ላጎርስ ነው የምትፈልጊው? የት ነው?»

«አንተ ትሙት አልነካሁም!»

«በእኔ አትማይ!»

«አንተ ትሙት! አንተ ትሙት፣ ለምላሴ አላስነካሁም! ምን ላድርግህ፣ ሆዴን ቀድጄ ላሳይህ?»

አላመናትም። ዓይኑ ላይ አየሁት። እሷም አየችው፣ ያ ነው የጎዳት። ባሏ በእሱ ሞት ምላለት አላመናትም። እኔ መሃል ገብቼ «ጋሼ፣ ሴትዮዋን ተዋት፣ እህቴ ዋሽታ አታውቅም» ብዬ ጮህኩ። ጥሎን ወጣ። ከሥራ ሲመለስ አኩርፎም ቢሆን ዳቦውን ይዞ መጣ። ከፊቷ አስቀመጠው። እሷም አኩርፋ በላችው።

ከዚያ በኋላ እየተጠባበቁ ነው የኖሩት። እሱ ጓዳ ጓዳውን ያያል፤ እሷ ሲያይ እያየች ታፍራለች። ጎረቤት ቤት መሄድ ተወች፣ «ጨው ፍለጋ ሄደች ይላል» ብላ። እኔ ጋ እንኳ ስትመጣ ምንም አትቀምስም ነበር። «ይሄን ያህል ዓመት ኖሬ ሌባ ሆንኩ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ልብስ እያጠበች። ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም።

የወደቀችው ልብስ ስታሰጣ ነው። የእሱን ሽርጥ ገመዱ ላይ ልትዘረጋ እጇን እንዳነሳች እግሯ ከዳት። ጎረቤት ጮኸች፣ እኔ ባንኮኒውን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ፣ እሱ ከነሽርጡ ከኋላዬ ሮጠ። ሆስፒታል ስንደርስ አፏ ተጣሟል። ቀኝ እጇ እንደ ሰው ዕቃ ጎኗ ተቀምጧል። ጋሼ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «አባቴ!» ብሎ ጮኸ። አባቱን አልጠራም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

አትናገርም ነበር፣ ዓይኗ ግን ሰው ያውቃል። እንድትቀምስ ሲፈቀድላት ዳቦዋን በወተት አርሶ አጎረሳት። ያንኑ ዳቦ። በማንኪያ፣ አፏን በመሐረብ እየጠረገ። ትውጥለታለች። አንድ ጊዜ በደህናው እጇ አውራ ጣቱን ያዘችው፣ ጠበቅ አድርጋ። እሱ የታረቀችው መስሎት አለቀሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ምድጃው ተመለሰ። ዳቦ ይጋግራል፣ ቤቱ ይገባል፣ ይተኛል። ሲወጣ እጁ ባዶ ነው።

ተመራማሪዋ ጥናቱ እንዳለቀ መጣች። ብርቱካን በፌስታል ይዛ፣ ፊቷ በርቶ፣ የእህቴን ሞት ታውቃለችና መብራቱን ልትደብቅ እየሞከረች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ልነግርዎት ስለምፈልግ ነው የመጣሁት። ተሳክቷል። ጨው ከቀነሱት ዳቦ ቤቶች የሚገዙ ሰዎች ግፊታቸው ወርዷል። ብዙ ሰው ነው። ከእነሱ ውስጥ ሳይወድቅ የሚቀር አለ፣ ማን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። የእርስዎ እጅ ነው።»

«በድሮው ዳቦ የቀሩትስ?» አላት።

«እነሱማ ባሉበት ናቸው። የባሰባቸውም አሉ።»

ጋሼ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «የእኔዋ ከእነዚያ ጋር ነበረች» አለ።

«የለም አባባ፣ እርሳቸውማ ከዚህ ቤት ነበር የሚበሉት።»

አውራ ጣቱን አነሳና አሳያት። «የእሷን ለብቻው ነበር የማሸው። በድሮው ጨው። አልጣፈጣትም አለችኝ፣ እኔ...»

«ጋሼ!» አልኩ፣ ባንኮኒውን በጥፊ መትቼ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ጓዳዋን ስትበረብር፣ ሌባ ስታደርጋት፣ ጨዉ አንተ እጅ ላይ ነበር?» ቀና ብሎ አየኝ። ያን ዓይን ሳይ የቀረውን ስድቤን ዋጥኩት። ጥናት ሠርቶ ሰው ያዳነ ሰው ዓይን አይደለም። ገና አሁን ሚስቱ የሞተችበት ሰው ዓይን ነው።

ተመራማሪዋ አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ ጥቁር ቀሚሷ ዱቄት እየጠጣ። «አባባ፣ ይስሙኝ። የእኛ ጥናት ስለ ሺህ ሰው ነው የሚያውቀው። ስለ አንድ ሰው አያውቅም። ያ ዳቦ ነው የገደላት ልልዎት አልችልም። ግፊቱ ከስንት ዓመት በፊት ጀምሮ እንደነበረ ማን ያውቃል?»

«አይደለም በይኛ» አላት፣ እንደ ልጅ።

ጨዋ ልጅ ናት፣ መዋሸት አልቻለችም። «አይደለምም ልልዎት አልችልም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ያመጣችውን ብርቱካን ባንኮኒው ላይ ትታ ሄደች።

እኔ መጥረጊያ አንስቼ የተጠረገውን መልሼ ጠረግኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ የጨው ጣሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል።

«በኔ ስትምል ሰምተሻት ነበር» አለኝ።

«ሰምቻታለሁ ጋሼ።»

«አንተ ትሙት ነበር ያለችኝ። ዋሽታ ቢሆን እኮ እኔ ነበርኩ የምሞተው።» እጁን ከጣሳው አውጥቶ መዳፉ ላይ የቀረውን ጨው አየው። «ይኸው፣ ምንም አልሆንኩ። በልቼ አድራለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። እውነቷን ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳ አምኜሻለሁ ሳልላት ሄደች።»

አንድ ደንበኛ ሳንቲሙን መስታወቱ ላይ ያንኳኳል። ፊቴን በሽርጤ ጠርጌ ወጣሁ። ጡረተኛው መምህር ናቸው። ዳቦውን ጫን ጫን አድርገው አዩና፣ «ዛሬም እጁ ተባርኳል» አሉኝ።